ከባሕር ዳር በድሮ መኪና ሲወጡ ምን ይያዛል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቮልስ፣ ላዳ፣ ፊያት፣ ፔጆ ወይም አሮጌ ላንድሮቨር ያለው ሰው ጣና ዳር ቡና ይዞ ሲቀመጥ ጨዋታው ዞሮ ዞሮ አንድ ቦታ ይደርሳል። «ጎንደር ድረስ ታደርሰኛለች?» ታደርሳለች። ግን ምን ይዘው እንደወጡ ይወስነዋል። በዚህ ጉዳይ በብዛት የሚነሱትን ጥያቄዎች እነሆ።

ከከተማ ሳልወጣም ዕቃ መያዝ አለብኝ?

ብዙም አይደለም። ባሕር ዳር ውስጥ ቢቆሙ ጎሚስታ ሩቅ አይደለም። መካኒክም ከተደወለለት በባጃጅ ይመጣል። ክሪክ፣ የጎማ መፍቻ፣ የተነፋ መጠባበቂያ ጎማ፣ አንድ ካቻቢቴ፣ አንድ ፒንሳና የእጅ ባትሪ ይበቃል።

ጢስ ዓባይ ግን ከተማ አይደለም። 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ቢሆንም ሲመሽ ለቆመ ሰው ሩቅ ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ወደ ጢስ ዓባይ፣ ወደ ዘጌ፣ ወደ ጎንደር ወይም ወደ አዲስ አበባ ለሚወጣ ሰው ነው።

ምን ልያዝ፣ ምን ልተው? በምን ልወስን?

ለእያንዳንዱ ዕቃ ሦስት ነገር ይጠይቁ። ይህ ቢበላሽ መኪናዋ ቀጥ ትላለች? መንገድ ዳር ካለ ሱቅ አገኘዋለሁ? መንገድ ዳር ባለ መሣሪያ ይገጠማል? መልሱ «አዎ፣ አላገኘውም፣ አዎ» ከሆነ ዕቃው ይጫን።

በዚህ አገር መንገድ ላይ እጅ አይጠፋም። መርዓዊ ይቁሙ ወረታ፣ ኮፈን ከፍተው ብዙ ሳይቆዩ አንድ የአይሱዙ ሹፌር ወይም ረዳቱ ጎንበስ ብሎ ሞተሩን ያያል። ካርቡሬተር ፈትቶ የሚያጥብ አለ። የተበጠሰ ሽቦ የሚቀጥል አለ። የሚጠፋው ዕቃው ነው። ትንሽ ከተማ ያለ ሱቅ የሚይዘው የሚሸጥለትን ነው፤ የባጃጅ፣ የአይሱዙ፣ የሚኒባስ ዕቃ። ሃምሳ ዓመት ለሞላት ቮልስ ፑንቲና (የካንዴላውን ኤሌትሪክ የሚከፍትና የሚዘጋውን) ገዝቶ መደርደሪያ ላይ የሚያስቀምጥ ባለሱቅ ከየት ይመጣል? እውነት ለመናገር አይፈረድበትም።

ስለዚህ ዕቃውን እርስዎ ይያዙ፤ ባለሙያው መንገድ ላይ ይገኛል። በራስዎ እጅ መግጠም የማይችሉትንም ዕቃ ቢሆን ይያዙ። ብዙ ሰው «እኔ አልገጥመውም፣ ምን ያደርግልኛል?» ብሎ ይተወዋል። ከዚያ ጎበዝ መካኒክ አጠገቡ ቆሞ ሁለቱም እጃቸውን አጣጥፈው ይተያያሉ።

ያለኝ ቮልስ ነው። ከምን ልጀምር?

ከቺንጋው፣ ከጎማ ቀበቶው ማለት ነው። ያውም ሁለት።

ቮልስ ውኃም ራዲያተርም የላትም፤ የምትቀዘቅዘው በአየር ነው። አየሩን የሚነፋው ቬንትሌተር ያለው ዲናሞው ዘንግ ላይ ነው። ዲናሞውን የሚያዞረው ያ አንድ ቺንጋ ነው። ሲበጠስ ክሩስኮቱ ላይ ቀይ የዲናሞ መብራት ይበራል። እዚህ ላይ ብዙ ሹፌር ይሳሳታል። «ቻርጅ ነው ያቆመው፣ ባትሪው እስከ ከተማ ያደርሰኛል» ይላል። ባትሪው ያደርሰው ይሆናል፤ ሞተሩ ግን በዚያች ሰዓት አየር የለውም። ቀይ መብራት በእንቅስቃሴ ላይ ከበራ ወዲያው ዳር ይዘው ያጥፉ።

መቀየሩ ከባድ አይደለም። ባለ 21 ቁልፍና ወፍራም ካቻቢቴ ይበቃዋል። ዲናሞው ላይ ያለው ፑሌጃ፣ ቺንጋው የሚዞርበት ክብ ብረት፣ ሁለት ግማሽ ነው። ጠርዙ ላይ ጎድጎድ ያለች ቦታ አለች። ካቻቢቴውን እዚያ አስገብተው ዲናሞው ላይ ካለው ቡሎን ጋር ሲያስደግፉት ፑሌጃው አይዞርም። ያኔ ዳዶውን ይፍቱና የውጭውን ግማሽ ያውጡ። በሁለቱ ግማሾች መካከል ስስ ወሸሮች አሉ። የቺንጋው ጥብቀት በእነሱ ቁጥር ነው። መካከል ላይ ሲጨምሩ ይላላል፣ ሲቀንሱ ይጠብቃል። የቀነሱትን እንዳይጥሉ፤ ከውጭ በኩል ከዳዶው ሥር ይመለሳሉ። አዲሱ ቺንጋ በአውራ ጣት ሲጫኑት 1 ሳንቲ ሜትር ወይም ከዚያ ትንሽ በለጥ ብሎ ከገባ ልክ ነው። አዲስ ቺንጋ ስለሚለጠጥ ጥቂት ተጉዘው እንደገና ይዩት። ይህን አንድ ቀን ቤትዎ፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ይለማመዱት። መንገድ ላይ የጋለ ሞተር ውስጥ እጅ አስገብቶ መማር ጥሩ አይደለም።

ከቺንጋው ቀጥሎ የፍሪሲዮንና የነዳጅ መስጫ ካቦ። ሞተሩ ከኋላ፣ ፔዳሉ ከፊት ስለሆነ ሁለቱም ረጃጅም ናቸው፤ ከወለሉ ሥር አልፈው ነው የሚሄዱት። የሌላ መኪና ካቦ አይተካቸውም። የፍሪሲዮን ካቦ ቢበጠስ ሜዳ ላይ መሄድ ይቻላል። ሞተሩን አጥፍተው 1ኛ ማርሽ ያስገቡ፣ ቁልፉን ሲያዞሩ ሞተሪኖው (ማስነሻው) መኪናዋን ይዞ ይነሳል። ባሕር ዳር ዙሪያ ሜዳ በመሆኑ ይሠራል። ከአዲስ ዘመን በኋላ ባለው ዳገት ግን አይሞክሩት።

የቀረው ትናንሽ ነው፤ ሁሉም አንድ የጫማ ካርቶን ውስጥ ይገባል። አንድ ፑንቲና፣ አንድ ኮንደንሰር፣ የስፒንትሮጄኖ (ኤሌትሪኩን ለካንዴላዎች የሚያከፋፍለው) ክዳንና ውስጡ ያለችው ተሽከርካሪ፣ ሁለት ካንዴላ፣ አንድ ሜትር የነዳጅ ጎማ ቱቦ ከነማሰሪያዎቹ፣ ፊውዝ። የሞተር ዘይትም 1 ሊትር። ቮልስ በጠቅላላው የምትይዘው 2.5 ሊትር ብቻ ስለሆነ ግማሽ ሊትር ብትቀንስ እንኳ ብዙ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። የቮልስ ባትሪ ከኋላ ወንበር ሥር ነው። ከላይ ሦስት ሰው ሲቀመጥ የወንበሩ ሞላ ወርዶ የባትሪውን ጫፍ ሊነካ ይችላል። በዚህ ምክንያት ወንበር ተቃጥሎ ያውቃል። ወፍራም ጎማ ወይም ላስቲክ ይሸፍኑበት። ዘመድ ጭነው ለጥምቀት ጎንደር የሚወጡ ከሆነ ደግሞ ይህ የግድ ነው።

ላዳ፣ ፊያት ወይም ፔጆ ቢሆንስ?

እነዚህ በውኃ የሚቀዘቅዙ ናቸው። ስለዚህ ዕቃው ወደ ውኃው ያዘነብላል። የላይኛውና የታችኛው ማኒኮቶ (የራዲያተሩ የጎማ ቱቦ)፣ ማሰሪያዎች፣ አንድ ቺንጋ፣ የራዲያተር ክዳን፣ 5 ሊትር ንጹሕ ውኃ።

ክዳኑን ሰው ይንቀዋል። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውኃ 94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። እንጅባራ ሲወጡ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ውኃው ቶሎ እንዳይፈላ ግፊቱን አምቆ የሚይዘው ያ ክዳን ነው። ጎማው ከደረቀ ወይም ሞላው ከደከመ ራዲያተሩ ደህና ሆኖ ሳለ መኪናዋ ትፈላለች። ከዚያ ሰው ራዲያተር ሊያሳጥብ ይሄዳል። ክዳን ርካሽ ነው፣ ኪስ ውስጥም ይገባል። በትኩሱ እንዳይከፍቱት የሚለውን መቼም መንገር አያስፈልግም።

ላዳ ያለው ሰው ዕድለኛ ነው። የመጀመሪያዋ ላዳ በ1970 የወጣችው ፊያት 124ን መሠረት አድርጋ ነው። ብዙ ዘመን ታክሲ ስለነበረችም እጁ ያልነካት መካኒክ የለም። የነዳጅ ፖምፓ መጠገኛ ላስቲክ ከያዙ ብዙ አያስቡ።

የትኞቹን ቁልፎች ልያዝ?

ለቮልስ፣ ለላዳና ለፊያት 8፣ 10፣ 13፣ 17 እና 19 ቁጥር አብዛኛውን ሥራ ይጨርሳሉ። ለቮልስ 21 ይጨመራል። የካንዴላ ቁልፍ፣ ትልቅና ትንሽ ካቻቢቴ፣ ባለ መስቀል ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ትንሽ መዶሻ።

ድሮ የእንግሊዝ ላንድሮቨር ያለው ሰው ይጠንቀቅ። ቡሎኖቿ በኢንች የተሠሩ ናቸው። «ይቀርበዋል» ተብሎ በ13 ቁልፍ የሚታገሉት ቡሎን ጠርዙ ይበላና ክብ ሆኖ ይቀራል። ከዚያ በኋላ በመዶሻና በሻርፔሎ (በመሮ) ካልሆነ አይወጣም። የኢንቹን ቁልፍ ከመኪናዋ አይለዩት፤ ለማንም አያውሱት። ለዘመድም ቢሆን።

ናስትሮ፣ ማሰሪያ ሽቦ፣ ጥቂት ሜትር የኤሌትሪክ ገመድ፣ ብርጭቆ ወረቀት፣ ጭንቅላት ላይ የሚታሰር መብራት። መብራቱ በጣም ያስፈልጋል፤ ስልክ በጥርስ ነክሶ ፑንቲና ማስተካከል አይቻልም። ጎበዝ ሰው ደግሞ አንድ የ12 ቮልት አምፖል ላይ ሁለት ገመድ አስሮ ይይዛል። የት ድረስ ኤሌትሪክ እንደመጣ በዚያ ያውቃል።

መንገድ ላይ ድንገት ብትጠፋብኝ ከየት ልጀምር?

እንዴት እንደጠፋች ያስታውሱ። ማብሪያ ማጥፊያዋ የተነካ ይመስል በአንዴ ቀጥ ካለች ብዙ ጊዜ ኤሌትሪክ ነው። እየተንተፋተፈች፣ እየዘለለች፣ ጉልበት እያጣች ከቆመች ነዳጅ ነው። ሁልጊዜ አይሠራም፣ ግን መነሻ ይሆናል።

ኤሌትሪኩን ለማየት አንዱን የካንዴላ ገመድ ይንቀሉ። ትርፍ ካንዴላ ይሰኩበትና የካንዴላውን ብረት ከሞተሩ ብረት ጋር ያስነኩ። እጅዎ ላስቲክ ባለው ፒንሳ ይያዘው። የፈሰሰ ቤንዚን አካባቢው አለመኖሩን ቀድመው ይዩ። አንድ ሰው ሞተሪኖውን ሲያዞር ሰማያዊ፣ ጠጣር ብልጭታ ከታየ ኤሌትሪኩ ደህና ነው። ቢጫና ስስ ከሆነ፣ ወይም ጨርሶ ከሌለ፣ የስፒንትሮጄኖውን ክዳን ይክፈቱ። ፑንቲናው ጠቁሮ ከሆነ በብርጭቆ ወረቀት ቀለል አድርገው ያጽዱት። ሙሉ በሙሉ ሲከፈት ክፍተቱ 0.4 ሚሊ ሜትር ገደማ መሆን አለበት። መለኪያ ከሌለ አንድ የስም ካርድ ለጊዜው ያደርሳል። ሞተሪኖው ሲዞር ፑንቲናው ላይ ደማቅ ብልጭታ ካዩ ጥፋተኛው ኮንደንሰሩ ነው። ማጽዳት አያድነውም፤ ይቀየር።

ብልጭታው ካለ ወደ ነዳጁ ይሂዱ። ወደ ካርቡሬተር የሚገባውን ቱቦ ይንቀሉና ጫፉን ጠርሙስ ውስጥ ያስገቡ። የቦቢናውን (ለካንዴላ ኃይለኛ ኤሌትሪክ የሚሰጠውን) ሽቦ ነቅለው ሞተሪኖውን ያዙሩ። ቤንዚኑ ፈንጠር ፈንጠር እያለ ከመጣ ፖምፓው ጤነኛ ነው፤ ችግሩ ካርቡሬተሩ ውስጥ ነው። ካልመጣ መጀመሪያ ፊልትሮውን ይዩ። ከአሥር ጊዜ ብዙውን እሱ ነው።

ዓባይ በረሃን በድሮ መኪና ማለፍ ይቻላል?

ይቻላል። በደጀንና በጎሐ ጽዮን መካከል መንገዱ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከ1,000 ሜትር በላይ ወርደው፣ ድልድዩን ተሻግረው፣ ያንኑ መልሰው ይወጣሉ። ሲወርዱ ጣጣው ፍሬን ነው፣ ሲወጡ ሙቀት።

ቁልቁለቱን በ2ኛ ማርሽ ይውረዱ። አይቸኩሉ። ከኋላ ያለው ጡሩንባ ቢያበዛ ዳር ይዘው ያሳልፉት። የድሮ መኪና ፍሬን ሲግል ይደክማል። የፍሬን ዘይትም እርጥበት ስለሚስብ ለዓመታት ያልተቀየረ ዘይት ቁልቁለት ላይ ሊፈላ ይችላል። ያኔ ፔዳሉ ወለል ይነካል። ስለዚህ ከመውጣትዎ በፊት ያስቀይሩት፤ አንድ ትንሽ ጠርሙስም ይያዙ።

ዳገቱን በጠዋት ይውጡት። ቀትር ላይ ቤንዚኑ ፖምፓው ውስጥ ይተናል፣ ሞተሩም ታፍኖ ይጠፋል። መድኃኒቱ እርጥብ ጨርቅ ነው። ፖምፓውና ቱቦው ላይ ጠምጥመው ትንሽ ዕረፍት ያድርጉ። ውኃ የምትጠቀም መኪና ሙቀቷ ሲጨምር የውስጥ ማሞቂያዋን ይክፈቱ። እርስዎ ያልብዎታል፤ ሞተሩ ግን ይተነፍሳል።

ነዳጅ በጀሪካን ልያዝ?

ሰልፉን ለሚያውቅ ሰው «አይያዙ» ማለት ይከብዳል። ግን የዘይት ቢጫ ጀሪካን ውስጥ ቤንዚን ሞልቶ ከልጆች ጋር መጫን አደገኛ ነው። ሲሞቅ ያብጣል፣ ክዳኑ ያፈሳል፣ ሽታው ራሱ ሹፌሩን ያዞራል። የግድ ከሆነ ክዳኑ የሚጠብቅ የብረት ጀሪካን ይሁን። እስከ አፉ አይሞላ።

የቮልስ ሰልባቲዮ (የነዳጅ ታንከር) 40 ሊትር ይይዛል። ባሕር ዳር ሙሉ አድርገው ከወጡ ጎንደር ደርሶ ለመመለስ ይበቃል። ደርሶ መልሱ 360 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

መንገድ ዳር በጠርሙስ የሚሸጠውን ከመቅዳትዎ በፊት ጠርሙሱን ብርሃን ላይ አቁመው ይጠብቁ። ውኃ ካለበት ከታች ይዘቅጣል፣ መለያያው ይታያል። ሁለት ትርፍ ፊልትሮ ይያዙ፤ ቆሻሻው ከውጭ እንዲታይ በግልጽ ፕላስቲክ የተሠራው ይሁን።

ስለ ጎማስ?

የቮልስ ጎማ ባለ 15 ቁጥር፣ ጠባብ ነው። በየሱቁ የለም። ስለዚህ መጠባበቂያው እውነተኛ ጎማ መሆን አለበት። ጥርሱ ስላለ ብቻ አይመኑት፤ ጎኑ ላይ የተሰነጣጠቀ ጎማ ጥርስ ቢኖረውም አርጅቷል። አንድ ልኩ የሆነ ካላማዳሪ (የውስጥ ጎማ) አብሮ ይኑር። ጎሚስታው መለጠፍ ያውቃል፣ ልኩን ግን ላያገኝልዎ ይችላል።

የሚገርመው፣ በብዙ ቮልሶች ላይ የመስታወት ማጠቢያው ውኃ የሚረጨው ከመጠባበቂያው ጎማ በሚወስደው አየር ነው። ጀርመኖቹ ብልሃተኞች ናቸው። ግን መስታወት ሲያጥቡ ከርመው ጎማው ያስፈለገ ዕለት አየሩ አንሶ ይገኛል። ከመውጣትዎ በፊት ያስለኩት።

ክረምት ላይ የሚጨመር አለ?

ደረቅ ጨርቅና ደህና የዝናብ መጥረጊያ። ፎገራ ሜዳ ላይ ውኃ መንገድ ሲሻገር ቀስ ብለው ይለፉ። ስፒንትሮጄኖው ከረጠበ ክዳኑን ከፍተው ከውስጥም ከውጭም ያድርቁት፤ ብዙ ጊዜ ሌላ ጥገና አይፈልግም።

አዲስ መለዋወጫ ይሻላል ወይስ የተሠራበት?

ይህ ያከራክራል። የእኔ ሐሳብ ይኸው። ጎማ ነክ የሆነው ሁሉ፣ ማለትም ቺንጋ፣ ማኒኮቶና የነዳጅ ቱቦ፣ አዲስ ይሁን። ኤሌትሪክ ነክ የሆነው ግን ተሞክሮ የሠራ ይሁን። አዲስ ተብለው የሚሸጡ ኮንደንሰሮች ውስጥ ከካርቶን ወጥተው ጥቂት ሳይሄዱ የሚሞቱ አሉ። ስለዚህ አዲሱን ገዝተው መኪናዋ ላይ ይግጠሙት፣ ጥቂት ሳምንት ይንዱት። ከዚያ አዲሱን እዚያው ትተው የወጣውን ደህናውን አሮጌ ለመጠባበቂያ ያስቀምጡ። ባሕር ዳር ያጡትን አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ያስፈልጉ። አሮጌውን ዕቃ ፎቶ አንስተው ወይም ራሱን ይላኩ፤ በስልክ «የቮልስ ፑንቲና» ብለው ያዘዙት ልክ ሆኖ አይመጣም።

ምን መያዝ ሞኝነት ነው?

ትርፍ ዲናሞ፣ ትርፍ ካርቡሬተር፣ የቴስታታ (የሞተሩ ራስ) ጓርኒሲዮን። ከባድ ናቸው፣ ወይም መንገድ ዳር አይገጠሙም። ቴስታታ የሚያስወርድ ነገር ከገጠመዎ መኪናዋ በአይሱዙ ተጭና ነው የምትመለሰው። ለዚያ የሚያስፈልገው ብር ነው።

ብቆም መኪናዋን እንዴት ልጠብቅ? መጎተትስ?

ባለ ሦስት ማዕዘን አንጸባራቂ ምልክት ይያዙ። ከሌለ እንደ አገሩ ደንብ ቅጠል ከኋላ ራቅ አድርገው መንገዱ ላይ ይጣሉ፤ ሹፌር ሁሉ ያውቀዋል። ጎማ ሥር ድንጋይ ያድርጉ፤ ሲሄዱ ግን ያንሱት። መንገድ ላይ የተተወ ድንጋይ ማታ ለሚመጣው ጠንቅ ነው። እሳት ማጥፊያውን ከሹፌሩ ወንበር አጠገብ ያስቀምጡት። ቮልስ ላይ እሳት ብዙ ጊዜ የሚነሳው ከኋላ፣ ከተሰነጠቀ ቤንዚን ቱቦ ነው፤ ከፊት ኮፈን ውስጥ ዕቃ ሥር የተቀበረ ማጥፊያ አይደርስም። ከመሸ በኋላ ከከተማ አለመውጣት፣ መንገዱንም ቀድሞ መጠየቅ ይሻላል።

ለመጎተት ከ4 እስከ 5 ሜትር የሚሆን ጠንካራ ገመድ ይበቃል። መካከሉ ላይ ነጭ ጨርቅ ይሰሩበት፤ ባጃጅና እግረኛ በሁለቱ መኪኖች መካከል ሊያልፍ ይሞክራል። ፓራውልት ላይ አይሰሩ፣ ነቅሎት ይሄዳል። የፍሬን ማገዣ ያላት ፔጆ ሞተሯ ከጠፋ ፔዳሏ ድንጋይ ይሆናል። ለሚጎትተው ሹፌር ቀድመው ይንገሩት፤ ቀስ ብሎ ይንዳ፣ ፍሬን ሲይዝም በእጁ ያሳይ።